ጀርምን የሚያመክነው ጋዝና የሆስፒታል ሠራተኞች ታሪክ

ሆስፒታል ሲነሣ በብዙ ሰው አሳብ ፈጥኖ የሚመጣው ሐኪሙ፥ አስታማሚዋና በአልጋ ላይ የተኛው በሽተኛ ነው። ይሁን እንጂ ሐኪሙ ለኦፕራሲዮን ቢላዋውን ከማንሣቱ አስቀድሞ፥ ያ ቢላዋ፥ ያ መቀስና ያ የጎማ ቱቦ ከማናቸውም ጀርም ንጹሕ ሊሆን ይገባዋል። ይህንን የሚፈጽሙት ሠራተኞች ብዙውን ጊዜ የሚገኙት በሕንጻው ምድር ቤት ነው። በሽተኛው አያያቸውም፤ ድኖ ወደ ቤቱ ሲመለስም ሊያመሰግናቸው አይመጣም። የሥራቸው መልካምነት የሚታወቀው አንዳች ክፉ ነገር ባለመድረሱ ብቻ ስለሆነ፥ በሆስፒታል ታሪክ ውስጥ ስማቸው እምብዛም አይጠራም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚሁ ሠራተኞች ከአንድ ጋዝ ጋር ያሳለፉትን ዘመን ለአንባቢ ባጭሩ ማስረዳት ነው። የጋዙ ስም ኤቲሊን ኦክሳይድ ይባላል። ይህ ጋዝ የብዙ ሚሊዮን በሽተኞችን ሕይወት ከመመረዝ ያዳነ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ጀርሙን የሚገድልበት ኀይል ራሱ፥ መሣሪያውን ለማንጻት በተመደበው ሰው ሥጋና ደም ላይም እንደሚሠራ ሊቃውንት ካወቁ በኋላ፥ ሠራተኛውን የሚጠብቅ በቂ ሕግ እስኪወጣ ድረስ ከ30 ዓመት በላይ አልፏል። ዕውቀት ከቤተ ሙከራ ተነሥቶ ወደ ምድር ቤት ለመውረድ ይህን ያህል ዘመን የፈጀበት ምክንያት ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ለመንግሥት ባለሥልጣን፥ ለመምህርም፥ ለተማሪም የሚጠቅም ትምህርት አለበት። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እንጠይቃለን።

ከጋዙ በፊት የነበረው ዘመን

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ ነውና፥ በመጀመሪያ ጋዙ ከመምጣቱ በፊት የነበረውን ሁኔታ እንመልከት። ዦዜፍ ሊስተር የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በ1867 ዓ.ም. ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ በማጠብ መመርቀዝን መከላከል እንደሚቻል ለዓለም አስታወቀ። ከዚህም አልፎ በኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ አየሩን ለማንጻት ካርቦሊክ አሲድን እንደ ጉም እያደረገ ያስረጭ ነበር። የበሽተኞቹ ሞት በእጅጉ ቀነሰ። ነገር ግን ያንን ጉም ቀኑን ሙሉ ሲተነፍሱ የሚውሉት ሐኪሞችና ረዳቶቻቸው እጃቸው ይላላጥ፥ ትንፋሻቸውም ይታወክ ነበር፤ ሊስተርም ራሱ ኋላ አየሩን መርጨቱን ትቶታል።

በዚያው ዘመን በአሜሪካ፥ በባልቲሞር ከተማ በሚገኘው በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል፥ ዊልያም ሀልስቴድ የተባለው ስመ ጥር ሐኪም አንድ ነገር አስተዋለ። የኦፕራሲዮን ክፍሉ ኀላፊ የነበረችው ነርስ ካሮላይን ሀምፕተን እጇን ከጀርም ለማንጻት በምትነክርበት የሜርኩሪ ውሕድ ምክንያት ቆዳዋ ክፉኛ ተጎድቶ ሥራዋን ለመተው ተቃርባ ነበር። ሀልስቴድም በ1889 እና በ1890 ዓ.ም. መካከል በነበረው ክረምት የጉድየር የጎማ ኩባንያ ስስ የጎማ ጓንት እንዲሠራላት አዘዘ። ጓንቱ ነርሷን ረዳት፤ ሀልስቴድም በ1890 ዓ.ም. አገባት። ዛሬ በዓለም ሁሉ ሐኪም የሚለብሰው ጓንት በዚያ ሆስፒታል መጀመሪያ የተሠራው ለበሽተኛው ተብሎ ሳይሆን ለሠራተኛዋ እጅ ተብሎ ነው። በሽተኛውንም ከመመረዝ እንደሚጠብቅ የተረጋገጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ከሁለቱ ታሪኮች የምንረዳው አንድ ነገር አለ። ጀርምን የሚገድል መድኃኒት የሚነካውንም ሰው ሊጎዳ ይችላል። ሆኖም የካሮላይን ሀምፕተን ጉዳት በቆዳ ላይ ወዲያው የሚታይ ስለ ነበረ፥ መፍትሔውም ፈጥኖ ተገኘ። የማይታይ ጉዳት በመጣ ጊዜ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አልሆነም።

የፓስተር የሥራ ባልደረባ ሻርል ሻምበርላን በ1879 ዓ.ም. በታመቀ እንፋሎት የሚሠራውን ማምከኛ፥ ማለት ኦቶክላቭን ካበጀ ወዲህ፥ ሆስፒታሎች ብረቱንና ጨርቁን በ121 ዲግሪ በሚደርስ እርጥብ ሙቀት ማንጻት ለመዱ። እንፋሎት ርካሽ ነው፤ ከወጣ በኋላም ውሃ እንጂ መርዝ አይተውም። እስከ ዛሬም ድረስ ሙቀት የሚችለው መሣሪያ ሁሉ የሚመክነው ከሁሉ በፊት በእንፋሎት ነው። እንፋሎት የማይረታው ነገር የመጣው በ20ኛው ምእት ዓመት እኩሌታ ፕላስቲክ ወደ ሆስፒታል በገባ ጊዜ ነው።

የጋዙ መገኘትና ወደ ሆስፒታል መግባት

ኤቲሊን ኦክሳይድን በ1859 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው ሻርል አዶልፍ ቩርትስ የተባለው ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ነው። ቀለም የለውም። ከ11 ዲግሪ በሚያንስ ሙቀት ስለሚፈላ በተራ ክፍል ውስጥ ጋዝ ሆኖ ይኖራል። ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይከብዳል፤ እሳትም ሲያገኘው በቀላሉ ይነዳል። ለብዙ ዓመታት ከፋብሪካ ጥሬ ዕቃነት በቀር ሌላ ጥቅም አልነበረውም። በ1928 ዓ.ም. ኮተንና ሮርክ የተባሉ የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ሊቃውንት ነፍሳትን እንደሚገድል ገለጡ፤ እህልንና የተከማቸ ዕቃን ከነቀዝ ለመጠበቅም ዋለ። በ1938 ዓ.ም. ደግሞ በቺካጎ የግሪፊት ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ጥቁር አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ሎይድ ሆል ቅመማ ቅመምንና ሌላውን ምግብ በዚሁ ጋዝ ከጀርም የማንጻትን ዘዴ በፓተንት አስመዘገበ።

ጋዙን ወደ ሕክምና ዓለም ያስገባው ግን በ1949 ዓ.ም. ቻርልስ ፊሊፕስና ሶል ኬይ ያሳተሙት ተከታታይ ጥናት ነው። ሁለቱ ሊቃውንት በሜሪላንድ በሚገኘው በካምፕ ዴትሪክ የአሜሪካ ጦር የተሐዋስያን ምርምር ጣቢያ ይሠሩ ነበር። የጋዙ መጠን፥ ሙቀቱ፥ እርጥበቱና ጊዜው እንዴት ቢመጣጠኑ ጀርሙ ሁሉ እንደሚሞት በዝርዝር አስረዱ። ጥናታቸው የወጣውም በተገቢው ጊዜ ነበር። ልብንና ሳንባን ተክቶ ደሙን የሚያዘዋውረው መኪና፥ ስስ የፕላስቲክ ቱቦ፥ ወደ ሆድ ዕቃ ገብቶ የሚያሳይ መስተዋት ያለበት መሣሪያ፥ እነዚህ ሁሉ በእንፋሎት ቢገቡ ይቀልጣሉ ወይም ይበላሻሉ። ጋዙ ግን ከ60 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት፥ ወረቀቱንና የፕላስቲኩን መጠቅለያ ሰርጎ ገብቶ ጀርሙን ይገድላል። መሣሪያው እንደ ታሸገ ለወራት ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። በመሆኑም በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓመታት የአሜሪካና የአውሮፓ ሆስፒታሎች የጋዝ ማምከኛ መኪናን እየገዙ በየምድር ቤታቸው አቆሙ። እሳት እንዳያነሣም 12 እጁን ኤቲሊን ኦክሳይድ፥ 88 እጁን ፍሬዎን ከተባለው የማቀዝቀዣ ጋዝ ጋር በክብደት አቀላቅለው ይጠቀሙበት ነበር። ከሁሉ በፊት የተፈራው ቃጠሎው እንደ ነበረ ከዚህ ይታያል።

አሁን ሥራው እንዴት ይካሄድ እንደ ነበረ እናስተውል። ሠራተኛዋ የታሸጉትን መሣሪያዎች በመኪናው ውስጥ ትደረድራለች፤ በሩን ትዘጋለች፤ ጋዙ ለጥቂት ሰዓታት ሥራውን ይሠራል። ሲያበቃ በሩን ትከፍታለች። በዚህ ጊዜ በመኪናው ውስጥ የቀረው ጋዝ በቀጥታ ወደ ፊቷ ይወጣል። ከዚያም ገና ጋዝ ያዘሉትን ዕቃዎች በእጇ አንሥታ በጋሪ እየገፋች ወደ አየር ማስወጫው ሣጥን ትወስዳለች። ጎማና ፕላስቲክ ጋዙን እንደ ስፖንጅ መጥጠው ይይዛሉ፤ ጋዙ ከውስጣቸው ተለቅቆ እስኪያልቅ ድረስ በ60 ዲግሪ ሙቀት 8 ሰዓት፥ በ50 ዲግሪ ደግሞ 12 ሰዓት ያህል አየር ሊዘዋወርባቸው ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገ በሽተኛው ይቃጠላል፤ ስለዚህ ለበሽተኛው ተብሎ ይደረግ ነበር። ሣጥኑ በሌለበት ግን ዕቃው ሠራተኞች በሚውሉበት ክፍል መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ቀስ በቀስ ይተን ነበር። ከመኪናው የሚወጣው ውሃና ጋዝ በሚፈስበት ቱቦ አጠገብ የቆመ፥ ባዶውን ሲሊንደር በሙሉ የሚለውጥ ሠራተኛም ድርሻውን ይተነፍሳል።

ይህንንም የከፋ የሚያደርገው፥ ጋዙ ራሱን አለማስታወቁ ነው። እንደ ኤተር ጣፈጥ ያለ ሽታ አለው፤ ነገር ግን የሰው አፍንጫ ይህን ሽታ የሚለየው በአንድ ሚሊዮን እጅ አየር ውስጥ ብዙ መቶ እጅ ጋዝ ሲኖር ነው። ስለዚህ «አልሸተተኝም» ብሎ የተማመነ ሰው አንዳች ዋስትና አልነበረውም።

ያልተሰማው ማስጠንቀቂያ

ጋዙ ጀርምን የሚገድለው እንዴት ነው? በሕያው ነገር ውስጥ ካሉት ፕሮቲኖችና ከዘር ተሸካሚው ንጥረ ነገር ጋር በኬሚካል ኀይል ተጣብቆ ሥራቸውን ስለሚያበላሽ ነው። የጀርም ሕይወትና የሰው ሕይወት በዚህ ረገድ ከአንድ ዓይነት ነገር የተሠሩ ናቸውና፥ ጋዙ ይህ ጀርም ነው፥ ይህ ሰው ነው ብሎ አይለይም።

ይህንን በሙከራ ቀድመው ካሳዩት አንዱ የሶቪዬት ኅብረት የሥነ ዘር ሊቅ ዮሲፍ ራፖፖርት ነው። በ1948 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት ኤቲሊን ኦክሳይድ በፍራፍሬ ዝንብ ዘር ላይ ለውጥ እንደሚያመጣ ገለጠ። ነገር ግን በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር የሥነ ዘር ትምህርት በአገሩ በመንግሥት ትእዛዝ ተወገዘ። በጦርነት አንድ ዓይኑን ያጣው ራፖፖርት በጉባኤው መካከል ተነሥቶ ትምህርቱን ስለ ተከላከለና አልክድም ስላለ ከፓርቲው ተባረረ፤ ሥራውንም አጣ። ፊሊፕስና ኬይ ጋዙ ጀርምን እንዴት እንደሚያመክን ለዓለም ያስረዱት ይህ ከሆነ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። የጋዙ ጥቅምና የጋዙ ጥፋት በአንድ ዓመት ልዩነት ተጽፈው ሳሉ፥ ወደ ሆስፒታል የደረሰው ጥቅሙ ብቻ ሆነ።

በስዊድንም ላርስ ኤሬንበርግና ባልደረባው ጉስታፍሶን በ1957 ዓ.ም. ጋዙ በገብስ ዘር ላይ የሚያመጣውን ለውጥ አሳተሙ። የዝንብና የገብስ ነገር ግን ለሆስፒታል አስተዳዳሪ የሩቅ ወሬ ይመስላል። ዝንብ የሚመረምረው ሊቅ ምድር ቤት አይወርድም፤ ምድር ቤት ያለችው ሠራተኛ የሊቁን መጽሔት አታነብም፤ መኪናውን የሚሸጠውም ነጋዴ፥ መኪናውን የሚገዛውም ሆስፒታል ሁለቱን የሚያገናኝ ግዴታ አልነበረባቸውም።

ነገሩን ከዝንብ ወደ ሰው ያሸጋገረው የዚያው የስዊድን አገር ጥናት ነው። የሆስፒታል መሣሪያ በጋዝ እያመከነ በሚያሰናዳ አንድ ፋብሪካ ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ እኩሌታው ኤቲሊን ኦክሳይድ፥ እኩሌታው ሜቲል ፎርሜት የሆነ ቅልቅል ይሠራበት ነበር። ከ1972 እስከ 1977 ዓ.ም. ድረስ ለጋዙ ከተጋለጡት 230 ሠራተኞች መካከል 3ቱ በደም ነቀርሳ ታመሙ። በዚያን ያህል ሰው መካከል በተለመደው ሁኔታ ይጠበቅ የነበረው 0.2 ብቻ ነበር። ክሪስተር ሆግስቴትና ባልደረቦቹ ይህንን በ1979 ዓ.ም. በአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ አወጡት። ሦስት ሰው ጥቂት ነው፤ በሦስት ሰው ብቻ ፍርድ አይሰጥም የሚል ክርክር ቢነሣ አያስደንቅም። ነገር ግን በዚያው ጊዜ ኤሬንበርግና ባልደረቦቹ ጋዙ በሠራተኞች ደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ተጣብቆ እንደሚገኝ አሳይተው ነበር። በአሜሪካም የሆስፒታል ማምከኛ ክፍል ሠራተኞች ደም ሲመረመር፥ በክሮሞሶሞቻቸው ላይ ከተለመደው የበለጠ ለውጥ ታየ። ጋዙ በሰው አካል ውስጥ መግባቱና ዘር ተሸካሚውን መንካቱ ከዚያ ወዲያ ግምት መሆኑ ቀረ።

የፊንላንድ ነርሶች

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን ከፊንላንድ የመጣው ምርመራ ነው። በቋንቋችን «ማምከን» የሚለው ቃል «መከነ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። መካን ደግሞ የማትወልድ ማለት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ጀርሙ እንዳይራባ ማምከን መልካም ነው። ነገር ግን የሚያመክነው ጋዝ የምታመክነዋን ሴት ፅንስስ እንዴት ያደርጋል? ካሪ ሄሚንኪና ባልደረቦቹ የጠየቁት ጥያቄ ይህንኑ ነበር።

እነዚህ ሊቃውንት በ1980 ዓ.ም. በፊንላንድ ሆስፒታሎች መሣሪያ በማምከን ሥራ ላይ ለነበሩት ሴቶች ሁሉ፥ ለማነጻጸሪያም ይህንን ሥራ ለማይሠሩ የሆስፒታል ሴቶች መጠይቅ ላኩ። ውጤቱ በ1982 ዓ.ም. በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ታተመ። በእርግዝናቸው ጊዜ በማምከን ሥራ ላይ ከነበሩት ሴቶች ከ100 እርግዝና 16.7 ያህሉ ሲጨነግፍ፥ በዚያ ሥራ ላይ ባልነበሩበት እርግዝና የጨነገፈው 5.6 ብቻ ነበር። ሊቃውንቱ ጉዳዩን ከሌሎቹ ማምከኛ መድኃኒቶች፥ ማለት ከግሉታራልዴሃይድና ከፎርማልዴሃይድ ጋር ሲያመዛዝኑት፥ ጭንገፋው የተያያዘው ከኤቲሊን ኦክሳይድ ጋር ሆኖ አገኙት። ሰው ያለፈውን ሲያስታውስ ይሳሳታል የሚለውን ተቃውሞ አስቀድመው አስበውበት ስለ ነበር፥ የሴቶቹን ቃል ከሆስፒታሎች መዝገብ ጋር አመሳከሩት፤ መዝገቡም ውጤቱን ደገፈው።

እነዚህ ሴቶች ስለ ሌሎች እናቶችና ሕፃናት ደኅንነት ሲደክሙ የራሳቸውን ፅንስ ለአደጋ ያጋልጡ እንደ ነበረ አያውቁም ነበር። እያንዳንዷም ብቻዋን ስታዝን የራሷ ዕድል መስሎ ይታያት እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም። የአንዷ ኀዘን የሁሉም መሆኑ የታወቀው አንድ ሰው ተነሥቶ በቈጠራቸው ጊዜ ነው። በመንግሥት ሥራ ውስጥ መቍጠርና መመዝገብ ደረቅ ሥራ መስሎ ለሚታየው ሰው ይህ ታሪክ በቂ መልስ ነው።

የሕጉ መንገድ

በአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤንነት አስተዳደር በ1971 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር ለኤቲሊን ኦክሳይድ የተወሰነው ገደብ በ8 ሰዓት አማካይ ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር 50 እጅ ነበር። ይህ ቍጥር የተወረሰው ከቀድሞ ልማድ ነው፤ የታሰበበትም ዓይንንና ጉሮሮን ስለሚያቃጥለው ቅጽበታዊ ጉዳት እንጂ ስለ ነቀርሳና ስለ ዘር አልነበረም። በ1977 ዓ.ም. የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ብሔራዊ የምርምር ተቋም ጋዙ በሕክምና ቤቶች ስለሚሠራበት ሁኔታ ልዩ ጥናት አወጣ። በአገሪቱ የማምከኛ ክፍሎች 75,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ለጋዙ ሊጋለጡ እንደሚችሉ ገመተ፤ ጋዙም ዘርን እንደሚለውጥ ነገር ተቈጥሮ ጥንቃቄ እንዲደረግበት አሳሰበ። አስገዳጁ የ50 ገደብ ግን ባለበት ጸና።

በነሐሴ ወር 1981 ዓ.ም. ፐብሊክ ሲትዝን የተባለው የሕዝብ ጥቅም ተከራካሪ ድርጅት የጤና ክፍል፥ የክፍላተ ሀገር፥ የአውራጃና የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞችን ከሚያስተባብረው ፌዴሬሽን ጋር ሆኖ፥ ገደቡ ባስቸኳይ ወደ 1 እንዲወርድ ለአስተዳደሩ አመለከተ። ብዙ የሕዝብ ሆስፒታል ሠራተኞች የዚህ ፌዴሬሽን አባሎች ነበሩ። አስተዳደሩ አስቸኳይ ደንብ ማውጣትን እምቢ አለ። ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። በጥር 1983 ዓ.ም. የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ደንቡ ባስቸኳይ ይውጣ ብሎ አዘዘ። በመጋቢት ወር ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የአስቸኳዩን ትእዛዝ ቢሽርም፥ አስተዳደሩ ያለ በቂ ምክንያት መዘግየቱን አረጋግጦ መደበኛውን ሕግ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲያወጣ አስገደደው። ይግባኙ የታየበትም የክርክር መዝገብ ከዚያ ወዲህ መሥሪያ ቤት ሥራውን ሲያዘገይ የሚጠቀስ ሆኗል።

በሰኔ ወር 1984 ዓ.ም. ሕጉ ወጣ። ገደቡ ከ50 ወደ 1 ወረደ። ነገር ግን በአጭር ጊዜ ውስጥ የሚገኘውን ከፍተኛ መጠን የሚወስነው ክፍል፥ የፕሬዚዳንቱ የማኔጅመንትና የበጀት መሥሪያ ቤት ስለ ተቃወመው፥ በመጨረሻው ሰዓት ከሰነዱ ላይ ተሰርዞ ቀረ።

ይህ ስረዛ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ በቀላል ሒሳብ ማስረዳት ይቻላል። የ8 ሰዓት ሥራ 480 ደቂቃ ነው። አንዲት ሠራተኛ የመኪናውን በር ከፍታ ዕቃውን ስታወጣ ለ10 ደቂቃ ያህል 48 እጅ ጋዝ ብትተነፍስና የቀረውን ቀን ንጹሕ አየር ብታገኝ፥ የቀኑ አማካይ ልክ 1 ይሆናል። ስለዚህ አማካዩን ብቻ የሚመለከተው ሕግ ደኅና ነሽ ይላታል። በሆስፒታል ግን መጋለጡ የሚመጣው ቀኑን ሙሉ በእኩል ሳይሆን፥ በር ሲከፈትና ሲሊንደር ሲለወጥ በድንገት ነው። በሌላ አነጋገር፥ አማካዩ ብቻውን የሚበቃው ለፋብሪካ እንጂ ለምድር ቤቷ ሠራተኛ አይደለም።

ተከራካሪዎቹ እንደ ገና ፍርድ ቤት ቀረቡ። በ1986 ዓ.ም. ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የ1ን ገደብ አጽንቶ፥ የአጭር ጊዜው ገደብ የቀረበት ምክንያት በቂ አለመሆኑን ገልጦ ነገሩን ወደ አስተዳደሩ መለሰው። በ1988 ዓ.ም. አስተዳደሩ በማናቸውም የ15 ደቂቃ ጊዜ ውስጥ አማካዩ ከ5 እንዳያልፍ ደነገገ። ከላይ በምሳሌ የጠቀስናት ሠራተኛ ያገኘችው ጋዝ በ15 ደቂቃ ሲመዘን 32 ስለሚሆን፥ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕጉ አያትና ጠበቃት ማለት ነው። ከመጀመሪያው ማመልከቻ እስከዚህ ድረስ 7 ዓመት፥ ከራፖፖርት ጥናት 40 ዓመት ተቈጥሯል።

ሕጉ ያመጣው ለውጥ

ሕጉ ሊወጣ ሲል የተነሣው ትልቁ ሥጋት ሆስፒታሎች ወጪውን አይችሉትም የሚል ነበር። ዘመኑ ሲያልፍ የታየው ግን ሌላ ነው። ከበሩ በላይ ጋዙን የሚስብ ማስወጫ ማበጀት፥ የቱቦውን ፍሳሽ መክደን፥ ክፍሉን ከሌላው ለይቶ አየሩን ወደ ውጭ ማውጣት፥ ጋዝ ሲፈስ የሚጮኽ መሣሪያ መስቀል፥ በሠራተኛው ልብስ ላይ የተተነፈሰውን መጠን የሚመዘግብ ትንሽ ባጅ ማድረግ፥ ይህ ሁሉ የሚቻል ሆኖ ተገኘ። ከሁሉ የበለጠው መሻሻል ደግሞ ማምከኑና አየር ማስወጣቱ በአንድ ሣጥን ውስጥ እንዲፈጸም መደረጉ ነው። ዕቃው ጋዙ እስኪለቀው ድረስ በሩ አይከፈትም፤ ስለዚህ ማንም ጋዝ ያዘለ ዕቃ ታቅፎ አይሄድም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከየካቲት 2010 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በሆስፒታሎች ይህ ዘዴ ግዴታ እንዲሆን አድርጓል። የ1984ቱም ሕግ በ2005 ዓ.ም. እንደ ገና ተመርምሮ አስፈላጊነቱ ተረጋገጠ።

በዚህ መካከል ሳይንሱም ወደ ፊት ሄዷል። በ14 የማምከኛ ፋብሪካዎች ይሠሩ የነበሩ 18,254 የአሜሪካ ሠራተኞች ተቈጥረው በ1991 ዓ.ም. ውጤቱ ሲወጣ፥ በጠቅላላው የነቀርሳ ሞት ጭማሪ አልታየም። ጥናቱ ሲቀጥል ግን ብዙ ጋዝ በተነፈሱት ወንዶች ላይ ከደምና ከሊምፍ ነቀርሳ ጋር፥ በ2003 ዓ.ም. በታተመው ክፍል ደግሞ ብዙ በተነፈሱት ሴቶች ላይ ከጡት ነቀርሳ ጋር ዝምድና ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት የነቀርሳ ምርምር ድርጅት በ1994 ዓ.ም. ጋዙን በሰው ላይ ነቀርሳ ከሚያመጡት ነገሮች ተርታ መደበው። ልብ ሊባል የሚገባው፥ በዚያን ጊዜ ከሰው የተገኘው ማስረጃ ውሱን ነበር። የድርጅቱን ፍርድ የወሰነው የእንስሳቱ ማስረጃ ጋዙ በሠራተኞች ደምና ክሮሞሶም ላይ ከሚያሳየው ምልክት ጋር ተደምሮ ነው። ሬሳ እስኪቈጠር አለመጠበቅ ማለት ይህ ነው።

የሞንትሪያል ስምምነት የኦዞንን ሽፋን ለመጠበቅ የፍሬዎንን ሥራ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በበለጸጉት አገሮች ሲያስቆም የቀድሞው ቅልቅል ቀረ። ብዙ ሆስፒታሎችም ከ1993 ዓ.ም. ወዲህ በአሜሪካ ገበያ ላይ ወደ ዋለው በሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ወደሚሠራው ማምከኛ ዞሩ። ይሁን እንጂ ጋዙ ጨርሶ አልተተወም። በአሜሪካ ከሚመክኑት የሕክምና መሣሪያዎች እኩሌታ ያህሉ ዛሬም በእርሱ ይመክናሉ፤ ሥራው ግን በአብዛኛው ከሆስፒታል ወደ ትልልቅ ፋብሪካዎች ተዛውሯል። አደጋውም አብሮ ስለ ተዛወረ፥ የአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት በመጋቢት 2024 ዓ.ም. በፋብሪካዎቹ አጠገብ የሚኖረውን ሕዝብ ለመጠበቅ የጋዙን ልቀት ከ90 በመቶ በላይ የሚቀንስ ደንብ አውጥቷል።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት

ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ ነው ብለን የምናልፈው አይደለም። ከውጭ ታሽገው ወደ አገራችን ሆስፒታሎች ከሚመጡት መርፌዎችና ቱቦዎች መካከል ብዙዎቹ በዚሁ ጋዝ የመከኑ ናቸው። በአሜሪካና በአውሮፓ ሆስፒታሎች ተቀጥረው የሚሠሩ ወገኖቻችንም ቍጥራቸው ጥቂት አይደለም። አንድ በሽተኛ በንጹሕ መርፌ ሲወጋ ከዚያ መርፌ በስተጀርባ የቆመ ሠራተኛ መኖሩን ማወቅ ተገቢ ነው።

ጋዙን እንደ ጠላት ማየት ግን ስሕተት ይሆናል። በእርሱ ፋንታ የሚተካ ነገር ለሌለው መሣሪያ ዛሬም አስፈላጊ ነው፤ ያለ እርሱ ብዙ በሽተኛ ይሞታል። ጥፋቱ የነበረው ጋዙን በመጠቀም ሳይሆን፥ አዲሱ ዘዴ ሲገባ በሽተኛውን ይጠቅማልን ተብሎ ሲጠየቅ፥ የሚሠራበትንስ ሰው ምን ያደርገዋል ተብሎ አለመጠየቁ ላይ ነው። ሀልስቴድ ይህንን ጥያቄ የጠየቀው የነርሷ እጅ ሲላላጥ በዓይኑ ስላየ ነው። በዓይን የማይታየውን ጉዳት የሚያሳየው ልኬትና መዝገብ ነው፤ እነዚህን ደግሞ የሚያዘው ባለሥልጣን፥ የሚያስተምረው መምህር፥ የሚማረውም ተማሪ ነው።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲሉ የተናገሩት፥ እሳቱ ገና ትንሽ ሳለ ለማጥፋት ቅጠል እንደሚበቃ ለማስረዳት ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት ከማምከኛው በር በላይ የሚሰቀል አንድ የአየር ማስወጫ ያን ቅጠል በሆነ ነበር። አዲስ መኪና ወደ ሆስፒታል፥ ወደ ቤተ ሙከራ ወይም ወደ ፋብሪካ በገባ ቍጥር፥ ዋጋው ከመከፈሉ በፊት ምድር ቤት ወርዶ የሚሠራበትን ሰው አቋቋም ማየት ለማንም ኀላፊ የማይከብድ ሥራ ነው።